የሳምንቱን በእሑድ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ስልኳ ላይ ውዳሴ ማርያም ከፍታ መስታወት ፊት ፀጉሯን ታበጥራለች። ስልኩ ይጸልያል፣ እሷ ቅባት ትፈልጋለች። ልቆጣት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ማን ሆኜ!

በሃያ ዓመቴ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ሰርቪሱ ጎሕ ሳይቀድ ይመጣል። ውዳሴ ማርያም መቼም ለየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። እኔ ብልጧ ታዲያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰባቱንም ቀን በአንድ ትንፋሽ እወጣውና ሳምንቱን ሙሉ አርፍ ነበር። ደግሞ እኮራበት ነበር እኮ።

አንድ እሑድ አባቴ፣ አባባ፣ ደረሱብኝ። በማግስቱ እንደምን አደሩ ብላቸው ዝም። ደገምሁላቸው። የጫማቸውን ክር እያሰሩ፣ "ትናንት የሳምንቱን ብለሽኝ ቢሆን ዛሬ ባልደከምሽ" አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ አልገባኝም።

የዚያው ሳምንት ረቡዕ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዘጌ ለቅሶ ሊደርሱ በሞተር ጀልባ ሄዱ። ለምሳ እመለሳለሁ ብለው ነበር። ከሥራ ወጥቼ ቤት ብደርስ የሉም፤ ሰማዩ በዘጌ በኩል ጠቁሯል። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ከእሳቸው በቀር ማንም የለኝም። ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። ዓሣ ጠባሾቹ ነፋሱን ፈርተው እሳታቸውን አጥፍተዋል። ጀልባዋ ከዘጌ ከተነሳች ብዙ እንደቆየች ነገሩኝ።

ነጠላዬን አጣፍቼ የረቡዕን ጀመርሁ። ወይ ጉድ! በሩጫ እንጂ በዝግታ ብዬው ስለማላውቅ ገና ከመጀመሪያው ጠፋብኝ። እንደገና ብጀምር እንደገና ጠፋብኝ። አፈርሁ፤ አለቀስሁ። በመጨረሻ በገዛ አማርኛዬ፣ "እመቤቴ፣ አባቴን፤ አባቴን ብቻ" አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም፤ ያንኑ እየደጋገምሁ ቆምሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን የሚሰማኝ እንዳለ ሳልጠራጠር ስማጸን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሐይቁ ዳር አባባ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጨቅይተው መጡ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነፋሱ ገፍቶ ዳር ላይ ካለው ደንገል ውስጥ ከቷቸው፣ ከዚያ በእግራቸው ነው የመጡት። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ምን ብዬ ስጸልይ እንደነበር ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኋቸው።

"ጠፋብኝ አባባ። አባቴን ብቻ ነው ያልሁ።"

ከወደቅሁበት አነሡኝና፣ "እሱም ደርሷል፤ ይኸው መጣሁ" አሉኝ።

በማግስቱ የሐሙስን ብቻ አነበብሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ምን እንደምል እየሰማሁ። ሰርቪሱ አመለጠኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። አሁን አባባ አርፈዋል፤ እኔ ግን እንደምን አደሩ ስላልኋቸው ጠዋት ሁሉ እስካሁን አመሰግናለሁ። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ያለው ሁሉ ተጨምሮ የተሰጠኝ ነው።

የልጄን ስልክ አላጠፋሁባትም። አጠገቧ ቆሜ፣ ስልኩ እየቀደመኝ፣ የዛሬውን በዝግታ አልሁ። ስጨርስ ማበጠሪያውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ቆማለች።