ግልባጭ ለአማት

እትዬ ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ሳሎኔን ወሰደችብኝ። ሶፋዬ በረንዳ ላይ ወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ፣ በምትካቸው ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና የኮፒ ማሽን ገቡ። በሩ ላይ «የኮምፒውተር አገልግሎት» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። እኔ ታናሽ እህቷ ነኝና ማንም ሐሳቤን አልጠየቀኝም።

ቤቱ የታላቅ ወንድማችን ነው። ወንድም ጋሼ መጥቶ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ሦስት ወር እሰጥሻለሁ» አላት። «ደንበኛ ካላገኘሽ ክፍሉን ልብስ ሰፊው ይፈልገዋል።» መፈለግ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሰውዬው ሜትሩን ይዞ መጥቶ መስኮቱን ለክቶ ሄዷል። እትዬ የዚያን ቀን ለእኔ ብቻ፣ «ይሄ ክፍል ከተወሰደብኝ ጠዋት ተነስቼ የምለብስበት ምክንያት የለኝም» አለችኝ። ስለ ሶፋዬ ማጉረምረሜን ለሁለት ቀን ያህል አቆምኩ።

ችግሩ ራሷ እትዬ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ኖራለች። ኪቦርዱን እንደ ድሮው የጽሕፈት መኪና ስለምትቀጠቅጠው ጠረጴዛው ከነብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ነገር አታምንም፤ ሁሉንም አትማ ፋይል ታደርጋለች። መታወቂያውን ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ተማሪ «ለምን ጉዳይ ነው?» ተብሎ ተጠየቀ፣ ፋይል ተከፈተለት፣ ፈተናም አመለጠው። ወሬው ሲዳረስ ሰዉ እኛ በር ጋ ሲደርስ መንገድ ተሻግሮ ማለፍ ጀመረ።

ከሁሉ የባሰው ግን ግልባጩ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩና ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ከእትዬ እጅ አይወጣም። «ግልባጭ ከሌለው ይካዳል» ትላለች። ግልባጩ ለማን መድረስ እንዳለበት ደግሞ የምትወስነው እሷ ናት፤ አለቆቿ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አስለምደዋታል።

ቀነ ገደቡ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሊሞላ፣ ረቡዕ ዕለት አናጢው ጎረቤታችን መጣ። ሚስቱ ተቀይማው እናቷ ቤት ከገባች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሰው ቤት ሲያሳምር የሚውለው ሰውዬ የራሱን ወጥ ቤት መደርደሪያ «ነገ እሠራልሻለሁ» እያለ አራት ዓመት አስጠብቋታል።

«እትዬ፣ የእጅ ጽሑፌን ስታይ ትስቅብኛለች። በኮምፒውተር የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አላት።

ጻፈች፣ ፈረመ። ሦስት የታሸጉ ፖስታዎች ሰጥታ «ሁሉንም እዚያ ቤት አድርስ» አለችው። ለምን ሦስት እንደሆኑ አልጠየቀም፤ እትዬን ሥራ ላይ ሳለች ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ልብስ ሰፊውን ይዞ ክፍሉን ሊያሳይ በመጣበት ሰዓት አናጢው ደሙ ፈልቶ ገባ።

«እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?»

እትዬ ምንም ሳይመስላት ፋይሉን ለወንድም ጋሼ አቀበለችው። እሱም ጮክ ብሎ አነበበ። «ጉዳዩ፦ ይቅርታና የወጥ ቤት መደርደሪያን ይመለከታል። መደርደሪያውን እስከ ቅዳሜ ሠርቼ እንደማስረክብ አረጋግጣለሁ። ግልባጭ፦ ለባለቤቴ እናት፣ ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ለፋይል።»

«አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አስነበበችው!» አለ አናጢው። «ወንድሟ ደግሞ ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ ብሏል።»

«ቅዳሜ እሠራለሁ ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው እትዬ። «ልትሠራው አላሰብክም ነበር?»

ልብስ ሰፊው ሳቁ አመለጠው። ወንድም ጋሼ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ማክሰኞ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ» ብሏት ወጣ። እትዬ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍና እጇን አጣምራ ተቀመጠች። አንጀቴን በላችው፤ የሶፋዬን ነገር እንኳ ረሳሁት።

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ከአናጢው ቤት የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ዋለ። ማታ ላይ ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰችና ቤቷ ከመግባቷ በፊት እኛ ጋ ጎራ አለች።

«ስንቴ ቃል ገብቶልኛል መሰለዎት፣ እትዬ። ሲነጋ መቼ አልኩ ይላል። አሁን ግን ወረቀቱ እናቴ እጅ ነው፤ የት ይገባል?»

ይህን በሄደችበት ሁሉ ተናገረች። ማክሰኞ ጠዋት ወንድም ጋሼ ቁልፉን ሊወስድ ሲመጣ ዘጠኝ ሴቶች የባሎቻቸውን ቃል ሊያስጽፉ ተሰልፈው አገኘ። አልፎ ሊገባ ሲል «ተራ ይያዙ እንጂ፣ ጋሼ» አሉት። በረንዳው ላይ ሶፋዬ ላይ በሁለት ሴቶች መሀል ተጣቦ ተቀመጠ። የሴቶቹን ጉዳይ አንድ በአንድ ሲሰማ ቆይቶ ተራው ደረሰ።

እትዬ ቀና ብላ ሳታየው «ጉዳዩ?» አለችው።

ጉሮሮውን ጠራረገ። «የክፍሉን ጊዜ ማራዘም።»

«እስከ መቼ?»

«አንቺ እስከፈለግሽ ድረስ።»

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ትጠርግ ጀመር፤ ብዙ ቆየችበት። ወንድም ጋሼ ያን ጊዜ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«ግልባጭ ለማን?»

ትንሽ አሰበ።

«ለልብስ ሰፊው» አለ።

እኔም ስለ ሶፋዬ ላመለክት ሄጄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።