አዲስ ዘይት ያየ ገዢ

ዛሬ ጠዋት መኪናችንን ለገዛው መምህር ሞተሯ ሊሞት መሆኑን ነገርኩት። ሳቀብኝ።

ከወር በፊት ከሞተሯ ዘይት በብልቃጥ ቀድቼ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ላክኩ። ዘይት እንደ ሰው ደም ይመረመራል። ውጤቱ በስልኬ ሲደርሰኝ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ዘይቱ ውስጥ መዳብና እርሳስ በዝቷል፤ የሞተሩ ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ለልጄ ለታምራት አሳይቼው፣ «አሁን ሞተሩን አስወርደን ብናሠራው ይድናል» አልኩት። መኪናዋ በስሙ ናት። ትናንት ዘይቱን ቀይሮ ሸጣት።

«አባዬ፣ አንተ ዘይት እንጂ ሰው አታምንም» አለኝ። ዘይት እስካሁን ዋሽቶኝ አያውቅም።

መምህሩ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን አሳፍሮ ከቦንጋ ወደ ደካ ሊነሳ ሲል መስኮቱን ይዤ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ የዘይቱን መለኪያ ራሴ ስቤ አይቻለሁ። ማር ነው የሚመስለው» አለኝ።

«ትናንት ስለተቀየረ ነው።»

«በጊዜው ዘይት የሚቀይር ሰው መኪናውን ይንከባከባላ።»

ውጤቱን ከስልኬ ላይ አሳየሁት።

«ይሄ እኮ የድሮው ዘይት ነው፣ ጋሼ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ከታምራት ጋር ከእንግዲህ አንድ ገበታ አልቀርብም። ይህም ቢሆን የመምህሩን ሞተር አያድንም። ከሄደ ወዲህ ለመምህሩ ደጋግሜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። የደካው መንገድ ዳገት መሀል ቆሞም ይሆናል፣ ወይም የእኔን ቁጥር አይቶ ይሆናል።

እዚህ አገር ገዢ ሁሉ መለኪያውን ይስባል፤ ንጹሕ ዘይት ካየ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰው ያስቆማችሁበት ቃል ካላችሁ ጻፉልኝ። እኔ አላገኘሁም።