የፀሐይወርቅ መስኮት

ሰው ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን የልጆች ፎቶ ቤት የሚከፍት ወይ ሞኝ ነው ወይ እልኸኛ። ጎረቤቴ ፀሐይወርቅ እልኸኛ ናት። ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እኔ፣ ዘይቱና እባላለሁ፣ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ፣ እሷ ያንኑ ልብስ የለበሰውን ልጅ ታነሳለች። እንጀራችን እንዲህ የተያያዘ ስለሆነ ብንጨቃጨቅም አንኮራረፍም።

የተወለደችው ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ። ከተማ ገብታ ሰርግ ከሚያነሳ ሰው ዘንድ መብራት ስትይዝ ኖረችና ኋላ የራሷን ከፈተች። ዋጋዋን በሯ ላይ ለጥፋለች፤ ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል አትቀንስም። «አንቺ ሴት፣ ትንሽ ቀንሺና ሰው ይግባልሽ» ስላት፣ «ዋጋውን ስቀንስ ልጃቸውን ያቃለልሁባቸው ይመስላቸዋል» ትለኛለች። ልጁ አልቅሶ አልነሳም ካለ ግን አምስት ሳንቲም አትቀበልም፤ «ደስ ያለው ቀን አምጡት» ብላ ትሸኛቸዋለች። እኔ በንዴት አርራለሁ። እናቶቹ ግን ይመለሳሉ፤ እሱን አልክድም።

ማስታወቂያዋ መስኮቷ ነው። አንድ የልጅ ፎቶ በትልቁ አሳጥባ ትሰቅላለች፣ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ችግሩ፣ ልጇን ለመስኮት የምትሰጥ እናት አትገኝም። «የሰው ዓይን ይበላብኛል» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የራሴን አልሰጥም። ታዲያ ባለፈው ዓመት እናትዓለም የምትባል የሰፈራችን ሴት «ኪዲን ስቀያት» አለች። ልጇ ኪዲ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ፎቶው ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የተራራቁ ጥርሶቿን አሳይታ ትስቃለች። ወላሂ፣ ያንን ሳቅ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ አልነበረም! ፋሲካን የፀሐይወርቅ በር ላይ ሰው ሲጠብቅ ሰነበተ፣ የእኔም ልብስ አብሮ ተሸጠ።

ክረምት ላይ ኪዲን ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል አስገቧት፤ በሕይወት አልወጣችም።

ከቀብር እንደተመለስን ፀሐይወርቅ ፎቶውን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። እናቲቱ ስታልፍ እንዳታየው ብላ ነው። እኔም ደግ አደረግሽ አልኋት።

ሐዘኑ ጥቂት ሰንብቶ እናትዓለም ጥቁር እንደለበሰች መጣች። ባዶው መስኮት ፊት ትንሽ ቆማ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ምን ልትል ነው ብዬ ተከትዬ ገባሁ።

«ኪዲን የት አደረግሻት?» አለች።

ፀሐይወርቅ ወደ ግድግዳ ወዳዞረችው ፎቶ አየች።

«ቤት ያለውን ፎቶዋን ሁሉ ሰብስበው ደበቁብኝ» አለች እናትዓለም። «ሽማግሌዎቹ ‹ካየች ትጎዳለች› ስላሉ ባሌ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። እኔ ግን መልኳ እየጠፋኝ ነው፣ እቴ። ግንባሯ ይመጣልኛል፣ አፏ አይመጣልኝም። የገዛ ልጄን አፍ!»

ለሐዘንተኛ እንዲህ ማድረግ ወጋችን ነው። እኔም ለእህቴ አድርጌዋለሁ፣ ደግሞም ለደግ ብዬ። ያን ቀን ግን የእህቴ ፊት መጣብኝ።

«እንኪ ውሰጃት» አለቻት ፀሐይወርቅ።

«ብወስዳት ይቀሙኛል። እዚያው ስቀያት፤ እየመጣሁ ልያት።»

ተሰቀለች። እናትዓለም በየጠዋቱ ትመጣለች፤ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታያታለች፣ ነጠላዋን ታስተካክልና ትሄዳለች። አታለቅስም።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የእኛ ሰፈር ሰው የሚጨምረው ሌላ ወሬ ነው። «መስኮቱ ነው የበላት፣ ስንት ዓይን አርፎባት!» ተባለ። ልጅ የያዘች ሴት እዚያ ስትደርስ መንገድ መሻገር ጀመረች። የእንቁጣጣሽ ገበያ፣ ፀሐይወርቅ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው፣ ባዶውን አለፈ። ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም።

«አብደሻል?» ብዬ ጮህሁባት። «ሌላ ልጅ ስቀይ! ኪዲን ወደ ውስጥ አድርጊያት፣ እናቷ ገብታ ትያት!»

«ቤቷ የደበቋትን እኔም ልደብቃት?» አለችኝ። እኔም ወደ ሱቄ ተመለስሁ።

አንድ ከሰዓት የኪዲ አባት ገድሉ መጣ። ከቆላ ድባ እህል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው፤ ነገሩን የሰማው ከመንገድ ሲመለስ ነው። ወደ መስኮቱ ቀና ሳይል ገባ።

«ልጄን ማስታወቂያ አደረጓት!» አለ። «ሚስቴንም የመንገድ ላይ መሳቂያ አደረጓት! ዋጋው ስንት ነው? ገዝቼ እወስደዋለሁ!» ብሩን ከኪሱ አወጣ።

ፀሐይወርቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። ፎቶውን አወረደችና ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ አዙራ አቆመችው።

አየው። ብሩ በእጁ እንዳለ ቆመ።

«ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ በነፃ ይውሰዱት» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳጥን የሚገባ ከሆነ ግን አልሸጥልዎትም።»

ያ ቁጣው ወዴት እንደሄደ እንጃ። ልጆች የሚነሱባት ትንሽ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ» አለ። «እሷ መቼ አቃታት። ሽማግሌዎቹንም ‹ትጎዳለች ብላችሁ ንገሩልኝ› ያልሁ እኔው ነኝ።» ከዚያ አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ። ፀሐይወርቅም አለቀሰች። እኔ በሩን ዘጋሁት፣ መንገደኛ እንዳያይብን።

ሲበቃው ተነሣ። ፎቶውን በኮቱ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቀፈው። በሩ ጋ ደርሶ ግን ቆም አለና፣ ሁለታችንንም እያየ፣

«ሚስማር አላችሁ?» አለን።

ሱቄ ገብቼ የልጅ ቀሚስ የምሰቅልበትን ከግድግዳዬ ነቅዬ ሰጠሁት።