የምሕረት ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ ግንብ ይሠራል። ግንበኛው ድንጋይ የተሸከመውን ሠራተኛ «ጣለው!» ሲለው በሰማሁ ቁጥር እጄ ላይ ያለው ሥራ ይቆማል።

ልጅ ሆኜ ሮብ ገበያ አጠገብ እንኖር ነበር። ገበሬው አዲሱን ግብር አልከፍልም ስላለ ጦር መጣብን። አጎቴ ሸፍቶ ጮቄ ተራራ ገብቷልና ወታደሮቹ ቤታችንን ሊያቃጥሉ ችቦ ይዘው ቆሙ። አባቴ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሻምበሉ ፊት ቀረበ። የተለመነው ሰው «ጣለው» ካለ ምሯል ማለት ነው።

«ይማሩን ጌታዬ፤ ልጆች አሉኝ» አለ።

ሻምበሉም ወጉን ያውቃል። ፈገግ ብሎ፣ «ወንድምህ ጠመንጃ፣ አንተ ድንጋይ! ሸክም የምትወዱ ዘሮች ናችሁ። በል ያዘው» አለው።

ከዚያ ለወታደሮቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። የሣር ክዳኑ ተንጣጣ። የገብሱ ክምር ሲቃጠል ቆሎ ቆሎ ሸተተ፤ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ተሸሽጌ ራበኝ። አባቴ ዞሮ አላየም። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

ወታደሮቹ ዳገቱን ጨርሰው ሲሰወሩ እናቴ፣ «ሄዱ እኮ፤ ይጣሉት እንጂ» አለችው።

«ሳይሉኝ?» አላት።

ያኔ አልገባኝም። ድንጋዩን ታግላ ያወረደችው እናቴ ናት። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ አንገቱን ቀና አላደረገም።

ዛሬም ግንበኛው «ጣለው!» አለ። ሠራተኛው ጣለና ወገቡን አቃና። ለካ «ጣለው» ማለት እንዲህ ቀላል ነው።