«እሱ ይበልጠኛል» ያልኩ ዕለት

አንደኛው እኔ ነበርኩ። ለጉራ አይደለም የምለው፤ ጉራ ቢሆን ኖሮ ይኸን ሁሉ ዘመን አፌን ይዤ አልቀመጥም ነበር። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለው የቅኔ ቤታችን አርባ የምንሆን ተማሪዎች ነበርን። ከአርባው በቅኔ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ የተማሪው አለቃም እኔው ነበርኩ። ማን በየትኛው መንደር እንደሚለምን የምደለድል፣ የመጣውን ቁራሽ የማካፍል፣ የተጣላ የማስታርቅ፣ ያጠፋ የማስቀጣ እኔ። የኔታ ወንበራቸውን ለእኔ ሊያወርሱኝ እንዳሰቡ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ይኸን አስቀድሜ የማወራው፣ ኋላ የሠራሁትን ሥራ ሳላውቅ የሠራሁት እንዳይመስላችሁ ነው።

ሁለተኛው ጓደኛዬ ነበር። ከአምበር የመጣ፣ አባቱ የሞተበት፣ ለእናቱ አንድ ልጅ። አራት ዓመት በአንዲት ጎጆ አብረን ኖረናል፤ የምንለብሰው የበግ ቆዳ፣ ደበሎው፣ አንድ ብቻ ስለነበረ ለሁለት እየተጓተትን ነበር ክረምቱን የምንወጣው። ጭንቅላቱ የሚገርም ነው። ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሰው ሲናገር አፍ አፉን እያየ ይቆያል፣ ነገሩ ከገባው በኋላ እንኳ መልስ እስኪሰጥ ጀንበር ትጠልቃለች። እኔ ደግሞ ፈጣን ነኝ። እናቴ ምላሴን እየረገመች ነው ያሳደገችኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ከምሽጉ ወጣ ሲሉ ያለው ገጠር ግን የአርበኞቹ ነው። እኛ መሐል ላይ ነን። የምንበላው ገበሬው ደጅ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ለምነን ነው፤ የገበሬው ልጅ ደግሞ ዱር ገብቷል። ከምሽጉ ጋር ነገር አለው የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። በፊተኛው ዓመት ጣሊያን ካባ ያለበሰው አንድ ቄስ በሳምንቱ ቤቱ ከነከብቱ ተቃጠለ፤ እሱም የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። እናም ከጣሊያን እጅ ክብር መቀበል ምን እንደሚያስከትል ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን የቤታችንን ልማድ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ላይ ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ነገር የለም። ያለ ሰው አለቀለት፤ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። የኔታ «በላጫችሁ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ በልባቸው ወደያዙት ተማሪ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያ ተማሪ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ እሱ ይበልጠኛል» ብሎ ወደ ሌላ ያሳልፋል። ያኛውም «ኧረ እሱ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በሦስተኛው የኔታ መጀመሪያ ያዩትን ተማሪ «በል ተነሥ» ይሉታል፤ በላጩ እሱ ነው። የፊተኛው «ይበልጠኛል» ወግ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። ትናንት የገባ ተማሪ ሳይቀር ይኸን ያውቃል።

ግንቦት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የጣሊያን ሹም ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። የኔታ ዛፉ ሥር እንደተቀመጡ፣ እኛም ዙሪያቸውን እንደከበብን ደረሱብን። አስተርጓሚው የከተማ ሰው ነው፤ ጫማው ተወልውሏል፣ በእጁ ደብተርና እርሳስ ይዟል። መንግሥት ትምህርት ያከብራል አለ። ከየትምህርት ቤቱ በዕውቀት የበለጠውና ጓደኞቹን በደንብ የሚመራው እየተመረጠ ደብረ ማርቆስ ላይ በሕዝብ ፊት ካባ ሊለብስ ነው አለ። የዚህን ቤት በላጭ ንገሩኝ፣ አለቃችሁንም ንገሩኝ አለ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ምን ያድርጉ፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ አንገት ነው። ሹሙም አስተርጓሚውም የእሳቸውን ዓይን ተከትለው አዩኝ። እርሳሱ ደብተሩ ላይ ተደግኗል። በዚያች ሰዓት ያሰብኩትን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ ይኼ ሰው ልማዳችንን አያውቅም፣ መጀመሪያ የሰማውን ይጽፋል ብዬ ነው ያሰብኩት።

«እሱ ይበልጠኛል» አልኩ ወደ ጓደኛዬ እየጠቆምኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ወግ ነው ብዬ እከራከራችሁ ነበር። መች አቆምኩ። «አለቃችንም እሱ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ይኼ ወግ አይደለም፤ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። አርባውም ተማሪ ሰምቶኛል፤ የኔታም ሰምተውኛል።

ጓደኛዬ ፈገግ አለ። እንደ ሁልጊዜው መስሎት ነው፤ ተራው ሲደርስ ሊመልስልኝ። ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ኧረ እሱ ነው» ሲል አስተርጓሚው ስሙን ጠይቆ ጽፎ ጨርሷል። ያን ጊዜ ነቃ። «አለቃችን እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ ደጋግሞ። አስተርጓሚው ለሹሙ ተረጎመለትና ሁለቱም ሳቁ፤ ትሕትናውን ወደዱለት። እውነቱን በተናገረ ቁጥር ይበልጥ ትሑት እየሆነላቸው ሄደ። የኔታን አያቸው፤ የኔታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እኛንም ዞሮ አየን። አንድ ሰው አልተነፈሰም። በበቅሎ ጭነው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በገበያው መሐል ይዘውት ሄዱ።

በስምንተኛው ቀን ተመለሰ። ቀይ ካባ ለብሷል፤ አንድ ካርቶን ሙሉ ጋሌጣ፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ተሸክሟል። ፈርቶ ነበር፤ ግን ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ትንሽ ደስ ብሎትም ነበር። ሰው አጨበጨበልኝ አለኝ፤ ሁለተኛ የሆነ ሰው ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ አጨብጭበውለት አያውቁም። ጋሌጣውን ለሁሉም ላካፍል ብሎ ከፈተ። የተራበ ተማሪ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ምራቃችን ይወርድ ነበር። እኔ ግን እንዳትነኩ አልኩ፤ አለቃ ነኛ! አንድም እጅ አልተዘረጋም፤ ጋሌጣውን ውሾች በሉት።

በማግስቱ ተማሪው እንደ ልማዱ ሊለምን ወጣ። ባዶ እጁን ተመለሰ። በየደጁ «ለባንዳ ተማሪ የሚሆን ቁራሽ የለንም» እየተባለ ነው የተባረረው፤ ሁለቱን ውሻ ነክሷቸዋል። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ያው። የሰኔ ዝናብ ገብቷል፣ ምግባችን የዱር ጎመን ሆነ፣ እሱም አለቀ። በአምስተኛው ቀን ከአርበኞቹ መልእክት መጣ፤ ካባ ለባሹ እዚያ ቤት እስካለ ድረስ ቤቱን እንደ ምሽግ እናየዋለን የሚል። ተማሪው ተሰብስቦ ይውጣልን አለ። ፍርዱን የምሰጠው እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ከጎጆው ኋላ ወስዶ ለመነኝ። እግሬ ላይ አልወደቀም፤ ቢወድቅ ይሻለኝ ነበር። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በዚያ በዝግታው፣ እንዲህ አለኝ።

«ገበያ ላይ ውጣና አንድ ጊዜ ብቻ ተናገርልኝ። ስሜን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልፈለገም በልልኝ። ካባውንም እዚያው አቃጥለዋለሁ።»

ቀላል ነገር ነው የጠየቀኝ። እኔም ቀላል እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ ያልኩ ዕለት ገበሬው ለምን ሰጠህ ይለኛል፤ ቀጥሎ አለቃው ማን ነበር ይላል፤ ወንበሩም ይቀራል፣ ምናልባት አንገቴም። «እኔ እንዳንተው ወጉን ነው የተናገርኩ፤ ቶሎ መመለስ ነበረብህ» አልኩት። አፈር ልብላና፣ በዝግታው ነው የፈረድኩበት። ብዙ አየኝ። ገባው። ሲገባው ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ይከተለኛል።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ ዘንድ ወደ አምበር ሊሄድ ተነሣ። ዝናብ ይጥላል። ደበሎው የሁለታችን ነው፤ አንተ ውሰደው አላልኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። የሚደርበው ያ ካባ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ደርቦ ወጣ። ቀይ ጨርቅ በዚያ አረንጓዴ መስክ ላይ ከሩቅ ይታያል። እኔም በር ላይ ቆሜ እስኪሰወር አየሁት፤ ጠርቼ ደበሎውን ልስጠው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

አምበር አልደረሰም። መንገድ ላይ የጠበቁት ሰዎች ብዙ አልጠየቁትም አሉ። የጠየቁትንም ቶሎ አልመለሰላቸው ይሆናል። ወንዝ ዳር ነው የጣሉት፤ ክረምት ነውና ወንዙ ወሰደው። ወሬው በሦስተኛው ቀን ቤታችን ገባ። በዚያኑ ቀን ተማሪው ሊለምን ሲወጣ ገበሬው በሩን ከፈተለት። እንጀራ፣ ቂጣ፣ ንፍሮ፣ እንደዚያ ቀን ቁራሽ ገብቶልን አያውቅም። አካፈልኩ። ሁሉም እኩል ደረሰው፣ በማካፈል አልታማም።

ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የኔታ አስመረቁኝ። የየደብሩ ካህናት፣ የየመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ያ በሩን የዘጋብን ገበሬ ሁሉ መጣ። የኔታ የራሳቸውን ካባ፣ ጥቁሩን፣ ከትከሻቸው አውልቀው አለበሱኝ። ስለ ዕውቀቴ ተናገሩ፣ ተማሪውን በክፉ ቀን ስለ መምራቴ ተናገሩ። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጥብኝ ትሕትናው ነው አሉ፤ በላጩ ማነው በተባለ ጊዜ ራሱን ትቶ ወንድሙን ያስቀደመ ሰው ነው አሉ። ሲናገሩ ወደ እኔ አላዩም። የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ ወንበራቸው እንዳይፈርስ እኔን መርጠዋል፣ አሁን ለምርጫቸው ካባ እየደረቡለት ነው። ሰዉ ሁሉ የቅኔ ቤቱን ልማድ ያነሡ መስሎት «ይበል! ይበል!» አለ። እኔም እንደ ልማዱ «ኧረ እኔ አይገባኝም» አልኩ። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣ እውነት እሱ ብቻ ነው፤ ወግ መስሏቸው ተደሰቱበት።

ያኔ ነው አንዲት ሴትዮ ከሰዉ መሐል እየገፋች የወጣችው። አቧራ ለብሳለች፣ ጀርባዋ ላይ ስልቻ አዝላለች። ከአምበር ነው የመጣሁት አለች። ልጇ በትምህርት አንደኛ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ላይ ካባ መልበሱን ከገበያተኛ ሰምታ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቃ ነው የመጣችው። ጎረቤቶቿ ከዚያ ወዲህ እሳት እንኳ ከልክለዋታል፤ ቅናት ነው አለች እየሳቀች። ሌላው ነገር አልደረሳትም። ማን ይነግራታል፣ የሚያውቁት እሳት የከለከሏት ናቸው።

የኔታ የተናገሩትን ሰምታ ነበር። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ልጄን ያስቀደምክልኝ አንተ ነህ?»

ነኝም አይደለሁምም ሳልል ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመችው። ላነሣት ብሞክር አልነሣ አለች። አባት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ማን ምስክር ይሆነዋል እያልኩ ስጨነቅ ነበር፣ ለካ አንተን አስቀምጦለታል አለች። መረቀችኝ። እንደሷ አድርጎ የመረቀኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም የለም። ከዚያ ተነሥታ ዙሪያውን እያየች የት አለ ብላ ጠየቀች።

ያ ሁሉ ካህን፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ተማሪ ወደ እኔ ዞረ። የኔታ ዓይናቸውን እንደገና መሬት ላይ ተከሉ። ሁሉም ለአለቃው ትቶታል።

«ጎንደር ተሻግሯል እናቴ፤ መጻሕፍት ሊማር» አልኳት።

ፈጣን ነኝ ብያችኋለሁ። ደስ ብሏት አጨበጨበች። ቅር አላት ደግሞ፤ ሳያየኝ ብላ ትንሽ አለቀሰች። ስልቻዋን አውርዳ ፈታችው፤ በቅቤ የታሸ የበሶ ጭብጦ ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ተሸክማው የመጣችው። ለእሱ ነበር፣ እንግዲያ አንተ ብላልኝ፣ አንተ ስትበላ እሱ የበላ ያህል ነው አለችኝ። አንዱን ጭብጦ አንሥታ በእጇ አጎረሰችኝ። ሰዉ ሁሉ እያየኝ፣ የየኔታን ካባ እንደለበስኩ ዋጥኩት። ጣፈጠህ ወይ አለችኝ።

ጣፈጠኝ አልኳት። ሁለተኛውን ራሴ አነሣሁ።