ጉማራን የማይሻገረው መድኃኒት

ባሕር ዳር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የቁስል ጀርም እያራባሁ፣ የአገራችን ቅጠላ ቅጠል ይገድለው እንደሆነ እፈትናለሁ። አባቴ ደግሞ ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ቁስል በማዳን የታወቁ መድኃኒተኛ ናቸው። ምርምሩ ደጄ ድረስ መጥቶልኛል ብዬ ነበር። ችግሩ፣ በእኛ ዘንድ የመድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ይባላል። ለእኔ ለልጃቸው እንኳ የሰጡኝ ወቅጠውና አድቅቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ነው። የወለደችው እናቱ ብትመጣ አትለየውም።

ፈተንኩት። ጀርሞቹ ሳህናቸው ላይ እንደ ሠርገኛ ተንሰራፍተው አደሩ።

"አልሠራም፣ አባባ" ስላቸው ቅንጣት አልደነገጡም።

"ጉማራን አሻግረሽው ምን ሊሠራልሽ! መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረማ አለቀለት።"

ከእኛ ቤት ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ጉማራን መሻገሩ አይቀርም። ስለዚህ ክርክሩ ሳይጀመር ተረታሁ። በጣም ተናደድኩ።

በአጨዳው ሰሞን የገዛ ማጭዳቸው ጣታቸውን ቆረጣቸው። የራሳቸውን መድኃኒት ለጠፉበት፤ ጣቱ ግን አመረቀዘና እጃቸው በሙሉ አበጠ። እናቴ መቼም አፏ አያርፍም፣ "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው!" አለች። ወረታ ጤና ጣቢያ ይሂዱ ቢባሉ ወይ ፍንክች፤ መድኃኒተኛው ተሰልፈው ታዩ እንዳይባል ፈርተው ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ የሚያውቃቸው ወደሌለበት፣ ከጉማራ ማዶ ወዳለው ሐሙሲት ሄዱ። እዚያ ወረፋ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ሌላ ተከናናቢ ጋቢውን ገለጥ ቢያደርግ፣ አባቴ ራሳቸው እግሩን የሚያክሙት የመንደራችን ሰው ሆኖ አረፈው። እሱም የሸሸው እሳቸውን ኖሯል። ተራቸው እስኪደርስ ሁለቱም ስለ ከብት ብቻ አወሩ።

ነርሷ ቁስሉን አጥባ ክኒን ሰጠቻቸው። "ሳይጨርሱ ካቋረጡት ጣትዎ ይቆረጣል" አለቻቸው። እዚያው ሐሙሲት እህታቸው ቤት ተቀምጠው መዋጥ ጀመሩ። እብጠቱ ጎደል ማለት ሲጀምር አክስቴ ደወለችልኝ።

"አባትሽ ሩዜ ረገፈ ብሎ ሊሄድ ተነሥቷል። ክኒኑን እኔ ቤት ትቶ! ነይና አንድ በይው!"

በረርኩ። አባቴ በትራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ጉማራን ከተሻገረ ይረክሳል። ለምን በከንቱ እሸከመዋለሁ?"

"አባባ፣ ይህ ክኒን እኮ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው! ስንቱን ወንዝ ተሻግሮ ነው እጅዎን ያዳነው?"

ጣታቸውን አገላብጠው አዩ። አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ልስቅ ነበር፣ ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ።

"እንግዲያ የኔው ያልሠራው በወንዙ አይደለማ" አሉ ቀስ ብለው።

አንጀቴን በሉት። ማሸነፌን ጠላሁት።

ክኒኑን ኪሳቸው ከተው አብረን ጉማራን ተሻገርን። እናቴ ቆማ እያስዋጠች አስጨረሰቻቸው፤ ጣታቸውም ተረፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሩዙ ማሳ ዳር ወሰዱኝና፣ አንዲት ተክል ከነሥሯ ከነአበባዋ ነቅለው እጄ ላይ አኖሩ። ስሟንም ጮክ ብለው ነገሩኝ።

"ፈትኛት። ካልሠራች እንዳትደብቂኝ" አሉ። "ሰው እኮ ልጁን አዝሎ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው።"