እጁን የሰበርኩት መምህር ይበልጣል

መምህር ይበልጣል ሞተ አሉኝ። «ውሸት ነው!» ብዬ ስልኩን በደወለልኝ ሰውዬ ጆሮ ላይ ዘጋሁበት። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ እኮ እየተሳሳቅን አውርተናል!

ሰውዬው መልሶ ደወለ። እንደኔው የሚኒባስ ሹፌር ነው። «እኔው ነኝ የጫንኩት ወንድሜ። አንገቱን ነው የመቱት» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ ማንኩሳን ሳያልፉ ተኩስ ተከፈተባቸው። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። አንድ ጥይት የጎኑን መስታወት በስታ ገባች። ሹፌሩ በነጠላ አንገቱን አፍኖ ሲይዝለት ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርድ ነበር። ሆስፒታል አልደረሰም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይበልጣል አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ መጠገኛ ከፈተ። እዚህ ኢንተርኔት ሲጠፋ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የልጆች መጻሕፍትና በድምፅ የተነበቡ ተረቶች አውርዶ ይመጣል። ከዚያ ለልጆቻችን በነጻ ሚሞሪ ካርዳቸው ላይ ይጭንላቸዋል።

ግን ዝም ብሎ አይጭንም። መጀመሪያ እሱ ራሱ እስከ መጨረሻው ያነበዋል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ገጽ ለአንድ ልጅ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ልጁ ወደ በሩ ካየ ያጠፋዋል። ለጎረምሶቹማ ምክር የበዛበት መጽሐፍ አይሰጥም፤ «ምክርማ እቤቱ ሞልቶለታል» ይል ነበር።

እኔ እንዴት እንደተዋወቅኩት ያሳፍራል። ዛሬ ካልተናገርኩት ግን መቼም አልናገረውም።

ትልቁ ልጄ ገበያ መሃል በተባራሪ ጥይት ከሞተ ወዲህ ትሁን የምትባለው እህቱ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ስልክ ላይ አቀርቅራ ታለቅሳለች። ነጠቅኳት። አንድ ወንድ ልጅ አንዲት ልጅ በብስክሌት አፈናጥጦ ሲሄድ የሚያሳይ ሥዕል ነው።

«ማነው የሰጠሽ?»

«መምህር ይበልጣል።»

ደሜ ፈላ። ልጄን ሊያባልግብኝ ነው አልኩ። የጎማ መፍቻውን ብረት ይዤ ሱቁ ገባሁ። የጠረጴዛውን መስታወት አደቀቅሁት። ቀጥሎ ወደ እሱ ዞርኩ። ራሱን ሊከላከል ያነሳውን ክንድ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ። የመስታወቱ ስባሪ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ደሙ ይንጠባጠባል፣ ግን አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና፣

«አንብበኸዋል?» አለኝ።

«ምኑን ነው የማነበው!»

«መጀመሪያ አንብበው። ከዚያ ሌላኛው እጄ ይኸውልህ።»

ሰው ደርሶ ባይይዘኝ እደግመው ነበር።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ካሳ ጠይቅ ሲሉት፣ «ካሳዬ ያቺው መጽሐፍ ናት። ለልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላት፣ እስከ መጨረሻው» አለ።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። እያላበኝ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ጀመርኩ። ሥዕሉ ላይ ያለው ልጅ ለካ የልጅቷ ወንድም ኖሯል። ይሞትባታል። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ የሚነካው የለም። እዚያ ስደርስ ማንበቤን ተውኩ። ትሁን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ቀጠለች። ስትጨርስ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣

«አባዬ፣ ያን ቀን ወንድሜን ገበያ የላክሁት እኔ ነኝ። ደብተር ግዛልኝ ብዬ» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። ያወቀው ዝም ማለቷን ብቻ ነው፤ መርጦ የሰጣትም ለዚያ ነው።

በማግስቱ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በደህናው እጁ ያዘኝ። «አሁን ምን ላምጣላት?» ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲወጣ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ዛሬ መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች በሌላ ሄደ።

ይበልጣል፣ አሁን ሱቅህ በር ላይ ልጆች ቆመዋል። አንዷ «መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ወደ ትሁን ዞርኩ፤ እሷ ነገረቻት።

ወሬው እንደተሰማ አንድ ጎረቤቴ ጠመንጃ ይዞልኝ መጣ። አልዋሽህም፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። ትሁን በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጠመንጃውን ሳልቀበል መለስኩት። አንተ ለእኔ ያደረግከውን ይቅርታ ለገዳይህ ማድረግ አልቻልኩም። ለዛሬ ግን አካፋ ነው የያዝኩት። መቃብርህን የምቆፍረው እኔ ነኝ፤ ለማንም አልሰጥም።

በሰላም ሂድ ወንድሜ። አፈሩን ቀስ አድርጌ ነው የምመልስብህ።